ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (1787 ዓ.ም. ገደማ – ጥቅምት 1840 ዓ.ም.) ከ1805 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሸዋን የገዙ፣ መጀመሪያ ራስና መርዕድ አዝማች፣ በኋላም ንጉሥ የተባሉ ገዥ ነበሩ። ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ አያት፣ ለቀዳማዊ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ ቅድመ አያት ናቸው። የገዙበት ጊዜ በኢትዮጵያ ታሪክ ዘመነ መሳፍንት ከሚባለው ጋር ይገጥማል። በሰሜን የነበሩት መሳፍንት ለጎንደር ዙፋን ሞግዚትነት እርስ በርስ ሲዋጉ ሣህለ ሥላሴ ወደዚያ ትግል ሳይገቡ 34 ዓመት ያህል ቆይተዋል። ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣውም ይህን ጊዜ ግዛታቸውን ለማደራጀት፣ ዳኝነትን ለማጽናትና ንግድን ለማስፋት ስላዋሉት ነው። ሆኖም ይህ ሰላም በደቡብና በምዕራብ ድንበራቸው ይኖሩ ለነበሩት የኦሮሞ ማኅበረሰቦች አልደረሰም። ስለ ሣህለ ሥላሴ የሚጻፍ ታሪክ ሁለቱንም ጎን ካልያዘ ጎደሎ ይሆናል።

የዘመኑ ሁኔታ

ዘመነ መሳፍንት ብዙውን ጊዜ ከ1761 ዓ.ም. እስከ ዐፄ ቴዎድሮስ ዘውድ መጫን (1847 ዓ.ም.) ድረስ ይቆጠራል። በዚህ ዘመን የጎንደር ነገሥታት ሥልጣን በስም ብቻ ቀረ። ንጉሠ ነገሥቱን የሚያነግሡትና የሚያወርዱት በደብረ ታቦር የተቀመጡት የየጁ ራሶች ነበሩ። የትግሬ፣ የስሜን፣ የጎጃምና የላስታ ገዥዎች ደግሞ አንድ ጊዜ ከየጁዎች ጋር ሌላ ጊዜ በየጁዎች ላይ እየተሰለፉ ይዋጉ ነበር። በዚህ ውጊያ ማን ከማን ጋር እንደቆመ ለመከተል ለታሪክ ተማሪም ያስቸግራል፤ ትናንት የተማማሉት ዛሬ ይጣላሉ፣ ዛሬ የተጣሉት ነገ በጋብቻ ይታረቃሉ። ጦሩ ባለፈበት ሁሉ የሚበላው የገበሬው እህል፣ የሚታረደውም የገበሬው በሬ ነበር።

ሸዋ ከዚህ ሁሉ በመጠኑ ተለይታ ቆይታለች። ለዚህ አንዱ ምክንያት መልክዐ ምድሩ ነው። በሰሜንና በምዕራብ የጀማና የወንጪት ሸለቆዎች እንደ ቅጥር ሆነው ይከላከሏታል፤ በሸዋና በበጌምድር መካከልም የወሎ ገዥዎች ነበሩ። ሌላው ምክንያት የሸዋ መሳፍንት ከአንድ ቤት መውጣታቸው ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከመንዝ ተነሥቶ ገዥነትን የመሠረተው ነጋሢ ክርስቶስ ሲሆን፣ ከእርሱ በኋላ ስብስቴ፣ አብዬ፣ አምኃ ኢየሱስ፣ አስፋ ወሰንና ወሰን ሰገድ ልጅ ከአባት እየተረከበ ገዝተዋል። ከመንዝ ደጋ የተጀመረው ግዛት ወደ ይፋትና ወደ ተጉለት ሰፋ፤ በአምኃ ኢየሱስ ዘመንም አንኮበር ዋና መቀመጫ ሆነች። ስለዚህ ሣህለ ሥላሴ ባዶ ሜዳ ላይ አልጀመሩም፤ የተረከቡት ስድስት ትውልድ ያለፈበት፣ ግብሩና ሹመቱ ሥርዓት የያዘ አገር ነበር።

ትውልድና ትምህርት

ሣህለ ሥላሴ ከራስ ወሰን ሰገድና ከወይዘሮ ዘነበወርቅ ተወለዱ። ወይዘሮ ዘነበወርቅ በመንዝ ብዙ ወገን የነበራቸው ሴት ናቸው። ሣህለ ሥላሴ የመጀመሪያ ልጅ ስላልነበሩ አልጋውን ይወርሳሉ ተብሎ አይጠበቅም ነበር። አልጋ ወራሽ ተብሎ የሚታየው ታላቅ ወንድማቸው በኩሬ ሲሆን፣ በመርሐ ቤቴ በኩል ተሹሞ ይገዛ ነበር። ታናሹ ግን በሰላ ድንጋይ ወደሚገኘው ገዳም ለትምህርት ተላኩ።

ሰላ ድንጋይ ከደብረ ብርሃን በስተሰሜን በደጋው ላይ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ ዛሬ የሞጃና ወደራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዚያ ዘመን ልጅን ወደ ገዳም መላክ ለሁለት ነገር ይጠቅም ነበር፤ ልጁ ዳዊት ይደግማል፣ ከአልጋ ሽሚያም ይርቃል። ይሁን እንጂ ገዳሙ ለመንዝ ለእናታቸው ወገኖች ቅርብ ስለነበር፣ ልጁን ከሥልጣን ያርቃል የተባለው ቦታ በኋላ ወደ ሥልጣን መግቢያ በር ሆነላቸው።

ሥልጣን መያዛቸው

በ1805 ዓ.ም. ራስ ወሰን ሰገድ በሰው እጅ ተገደሉ። በኩሬ ሰዎቹን አሰባስቦ ከመርሐ ቤቴ እስኪመጣ ድረስ ዘገየ። በዚህ መሐል ገና 18 ዓመት ገደማ የሆናቸው ሣህለ ሥላሴ በእናታቸውና በመንዝ ዘመዶቻቸው ረዳትነት ከሰላ ድንጋይ ወጥተው አልጋውን ያዙ፤ ራስና መርዕድ አዝማች ተባሉ። በኩሬና ሌሎቹ ወንድሞችና ዘመዶች ተይዘው ጎንጮ በተባለው ምሽግ ታሰሩ።

ወንድምን አስሮ መንገሥ ዛሬ ለሚያነበው ጭካኔ ነው፤ በእርግጥም ነበር። የተያዙት ሰዎች በእግር ብረት ብዙ ዓመት አሳልፈዋል። ነገር ግን ልማዱን ሣህለ ሥላሴ አልፈጠሩትም። በመካከለኛው ዘመን የነገሥታቱ ወንዶች ልጆች በአምባ ግሸን፣ በጎንደር ዘመን ደግሞ በወህኒ አምባ ይጠበቁ እንደነበር የታወቀ ነው። የዚህ ሥርዓት ምክንያት በወራሾች መካከል የሚነሣው ጦርነት አገሩን እንዳይበላው መከላከል ነበር። ዋጋውን የሚከፍሉት ግን ምንም ያላደረጉ ሰዎች፣ አንዳንዴም ሕፃናት ነበሩ።

የመርሐ ቤቴ ሰዎች ለአዲሱ ገዥ ወዲያው አልገበሩም። ሣህለ ሥላሴ አስቀድመው በሽምግልና ሞከሩ፣ ሳይሆን ሲቀር በኃይል አስገበሩ። ከዚያ በኋላ ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ድንበር ነው። በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን የተመሠረተችውና በኋላ በጦርነት የተቃጠለችው ደብረ ብርሃን እንደገና ተሠራች፤ በአብቹ ኦሮሞ አገርም አንጎለላና ሌሎች የተመሸጉ መንደሮች ተቆረቆሩ። ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ የሸዋ፣ የይፋት፣ የኦሮሞና የጉራጌ ንጉሥ ነኝ ብለው ዐወጁ። ንጉሥ የሚለውን ስም የሰጣቸው ከጎንደር የመጣ ሹመት አልነበረም። የሚገርመው ግን የንግሡን ስም ከያዙ በኋላም የጎንደርን ዙፋን አለመንካታቸው ነው፤ ንጉሠ ነገሥት ለመሆን ወይም የንጉሠ ነገሥቱ ሞግዚት ለመሆን አንድም ጊዜ ወደ ሰሜን አልዘመቱም።

ከመሳፍንቱ ጦርነት መራቅ

ሣህለ ሥላሴ ከጎረቤቶቻቸው ጋር የሚኖሩበት ዘዴ ከጦር ይልቅ መልእክተኛና ስጦታ ነበር። ከየጁው ራስ ዐሊ፣ ከትግሬና ከስሜኑ ደጃዝማች ውቤ እንዲሁም ከጎጃሙ ጎሹ ዘውዴ ጋር ይላላኩ ነበር። እነዚህ ሦስቱ ለእርስ በርስ ጠላቶች ሆነው ሳለ ከሁሉም ጋር መላላክ ቀላል ሥራ አይደለም። ወደ አንዱ ቢያዘነብሉ ሌላው በጠላትነት ይነሣባቸዋል፤ ሁሉንም ቢያስቀይሙ ደግሞ የንግድ መንገዳቸው ይዘጋል። በወሎ በኩልም አዳራ ቢሌን የመሰሉ የድንበር ገዥዎችን በወዳጅነት ይዘው ሸዋን ከሰሜን የሚከላከል አጥር አድርገዋቸዋል።

የዚህ አካሄድ ትርጉም በ1834 ዓ.ም. ግልጽ ሆኖ ይታያል። በየካቲት ወር ደጃዝማች ውቤና ራስ ዐሊ በደብረ ታቦር ተዋጉ። ውቤ ድል አድርገው ግብር ላይ ተቀምጠው ሳለ ድንገት ተያዙ፤ ሸሽተው የነበሩት ራስ ዐሊም ወደ ሥልጣናቸው ተመለሱ። ብዙ ሺህ ሰው የተሰለፈበት ጦርነት አብቅቶ የአገሩ አሰላለፍ ከሞላ ጎደል እንደ ቀድሞው ሆነ። የሸዋ ጦር በዚያ ሜዳ አልነበረም። በዚያው ወራት አንኮበር ውስጥ ንጉሡ የውጭ አገር መልእክተኞችን ያስተናግዱ፣ ክስ ይሰሙና የቤተ መንግሥቱን ባለ እጆች ሥራ ይመለከቱ ነበር። በመጋቢት ወር ከሸዋ በሰላ ድንጋይ በኩል ወደ ጎንደር ጉዞ የጀመረው ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ክራፕፍ የሰሜኑ ጦርነት መንገዱን ስለዘጋበት ከወሎ ሊያልፍ አልቻለም፤ በመጨረሻም የንጉሡ ወዳጅ በተባለው በአዳራ ቢሌ እጅ ተዘርፎ ወደ ምጽዋ ሄዷል። ከዚህም ሁለት ነገር ይታያል፤ ሸዋ በሰሜኑ ብጥብጥ አለመነካቷ፣ የንጉሡ ወዳጅነት ደግሞ ከድንበራቸው ማዶ ብዙ እንደማይሄድ።

አስተዳደር

የሸዋን አስተዳደር በዐይናቸው አይተው የጻፉ የውጭ ሰዎች ብዙ ናቸው። ኮምብና ታሚዝዬ በ1828 ዓ.ም. ገደማ፣ ኢዘንበርግና ክራፕፍ በ1831 ዓ.ም.፣ ሮሼ ዴሪኩር ሁለት ጊዜ፣ ቤክ፣ ጆንስተንና ሃሪስም በተከታታይ መጥተዋል። እርስ በርሳቸው ብዙ ጊዜ የማይስማሙ ሰዎች ናቸው፤ ሃሪስ ያጋንናል፣ ጆንስተን ደግሞ ሃሪስን ይነቅፋል። ሆኖም ንጉሡ ለዳኝነትና ለአስተዳደር ብዙ ሰዓት እንደሚሰጡ ሁሉም ይመሰክራሉ።

ንጉሡ ማልደው ተነሥተው ጸሎት ካደረሱ በኋላ ጋጣውንና የባለ እጆችን ቤት ይጎበኙ ነበር። ከዚያ እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ ችሎት ይቀመጣሉ። በመጀመሪያ ነገር የሚሰሙት ወንበር የሚባሉ አራት ዳኞች ሲሆኑ፣ ከእነርሱ ፍርድ ቅር የተሰኘ ሰው ወደ ንጉሡ ይግባኝ ይል ነበር። የሚፈረደውም በፍትሐ ነገሥትና በአገር ልማድ ነው። ደጅ ጠኚው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አቤት እያለ ይጮሃል፤ ጩኸቱ ከንጉሡ ጆሮ ከደረሰ ይጠራል። ይህ ሥርዓት ዘገምተኛ ነው፤ ሁሉም ነገር በአንድ ሰው ላይ ተንጠልጥሏል። በሌላ በኩል የአውራጃ ገዥ ገበሬውን ያለ ልክ ቢጨቁን ክሱ ከበላዩ ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ ይገዛ ነበር። ሹመት በንጉሡ ፈቃድ ይሰጣል፣ በፈቃዳቸውም ይሻራል፤ የሹመቱም ዋጋ ግብር በወቅቱ ማስገባትና ሲጠሩ ከነሠራዊት መገኘት ነበር።

ግብሩ በእህል፣ በማር፣ በከብት፣ በጨርቅና በአሞሌ ጨው ይገባል። እህሉ በየቦታው በተሠሩ የመንግሥት ጎተራዎች ይከማቻል። አንኮበር፣ አንጎለላ፣ ደብረ ብርሃንና ቁንዲ በየወራቱ ንጉሡ የሚዘዋወሩባቸው መቀመጫዎች ነበሩ። የቤተ መንግሥቱ ሰው በብዛት ስለሚበላ፣ በአንድ ቦታ ሁልጊዜ መቀመጥ የዚያን አካባቢ ገበሬ ያደኸያል፤ መዘዋወሩም ለዚህ ጭምር ይጠቅም ነበር። በአንኮበር ቤተ መንግሥት ሸማኔዎች፣ ብረት ሠሪዎች፣ አንጥረኞች፣ ጠመንጃ ጠጋኞችና ኮርቻ ሠሪዎች በደመወዝ ወይም በቀለብ ይሠሩ ነበር። ንጉሡ ለባለ እጅ የነበራቸው ፍቅር የታወቀ ነው። ከውጭ የመጣ ሰው ሁሉ ምን መሥራት እንደሚችል ይጠየቃል፤ መድኃኒት የሚያውቅ ከሆነም መላው ቤተ መንግሥት ይከበዋል። ዴሜጥሮስ የተባለ የውጭ አገር ግንበኛ የውኃ ወፍጮ ሠርቶላቸው ነበር፤ ካህናቱ ግን የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ስለተቃወሙ ወፍጮው ብዙ ሳይፈጭ ቀረ። ንጉሡ ለእንዲህ ያለ ነገር ከካህናት ጋር መጣላት አልፈለጉም። የሸዋ ሴቶችም እህል በእጅ ወፍጮ መፍጨታቸውን ቀጠሉ።

የንግዱ ጉዳይ ከሁሉ በላይ ትኩረት ያገኘ ይመስላል። ከአንኮበር በታች በይፋት ቆላ የምትገኘው አልዩ አምባ ዓርብ ዓርብ ትልቅ ገበያ ይቆምባት ነበር። ከታጁራ፣ ከዘይላና ከሐረር የሚመጡ ቅፍለቶች ጨው፣ ጨርቅና የውጭ ዕቃ ይዘው ይደርሳሉ፤ ሲመለሱ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቆዳና ባሪያ ይዘው ይሄዳሉ። መገበያያው አሞሌ ጨውና የማርያ ቴሬዛ ብር ነበር። ከዚህ ገበያ የሚሰበሰበው ቀረጥ ለንጉሡ ግምጃ ቤት ትልቅ ገቢ ነበር። የይፋት ሕዝብ በብዛት ሙስሊም ሲሆን፣ የሚገዛውም ወላስማ በሚባለው ከጥንት ጀምሮ በዘር በሚወረስ የሙስሊም ገዥ በኩል ነው። በሣህለ ሥላሴ ጊዜ ወላስማ ሙሐመድ ይፋትን ከመግዛታቸውም በላይ የጎንጮ እስር ቤት ጠባቂ ነበሩ። ይህ ቀላል አደራ አይደለም፤ ክርስቲያኑ ንጉሥ ለአልጋቸው ተቀናቃኝ የሚሆኑትን ወንድሞች ያስጠበቁት በሙስሊሙ ገዥ እጅ ነው። የአካባቢውን ገዥ በቦታው ትቶ በእርሱ በኩል መግዛት የሣህለ ሥላሴ አስተዳደር ከጸናባቸው መንገዶች አንዱ ይመስላል።

ጠመንጃ ግን ለማንም አልተተወም። ወደ ሸዋ የሚገባው ጠመንጃ ሁሉ በንጉሡ ግምጃ ቤት ይገባል፣ ለዘመቻ ይወጣል፣ ከዘመቻ መልስም ይቆጠራል። በሰሜን እያንዳንዱ መስፍን የራሱን ነፍጠኛ ሲያደራጅ በሸዋ መሣሪያው በአንድ እጅ መያዙ፣ በአውራጃ ገዥዎች መካከል ጦርነት እንዳይነሣ ከማንኛውም ዐዋጅ የበለጠ ሳይጠቅም አልቀረም።

ወይዘሮ ዘነበወርቅ በሰላ ድንጋይ

ሣህለ ሥላሴ አልጋውን ከያዙ በኋላ እናታቸው ሰላ ድንጋይን መቀመጫ አድርገው ሰፊውን የሰሜን ሸዋ ደጋ ያስተዳድሩ ነበር። የራሳቸው ቤተ መንግሥት፣ ሹማምንትና ችሎት ነበራቸው። ወደ ሰሜን የሚሄድ ወይም ከሰሜን የሚመጣ መንገደኛ በእርሳቸው ግዛት ስለሚያልፍ እጅ ነሥቶ ስጦታ ያቀርባል፤ ክራፕፍም በ1834 ዓ.ም. ሲያልፍ እርሳቸው ዘንድ ደርሷል።

መንዝ የሥርወ መንግሥቱ መነሻ ቢሆንም ለመገዛት አስቸጋሪ አገር ነው። ሕዝቡ ርስቱን የሚያከብር፣ ከሩቅ የመጣ ሹም የማይወድ ነው። ንጉሡ አንኮበር ተቀምጠው መንዝን በባዕድ ሹም ከመግዛት ይልቅ ለእናታቸው መተዋቸው የአገሩን ጠባይ ማወቃቸውን ያሳያል። ወይዘሮ ዘነበወርቅ በአንድ በኩል የመንዝ ወገን ናቸው፣ በሌላ በኩል ከልጃቸው ሥልጣን የተለየ ፍላጎት የላቸውም። ስለ ሣህለ ሥላሴ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ እናታቸው በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋሉ። ሆኖም ልጁን ከገዳም አውጥቶ አልጋ ላይ ያስቀመጠው የእርሳቸው ወገን ነው፤ የሰሜኑን ድንበር ጸጥ አድርገው የያዙትም እርሳቸው ናቸው።

ሰላ ድንጋይ ከዚያ በኋላም ከታሪክ አልወጣችም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከግብጽ የመጡት አቡነ ማቴዎስ መቀመጫ ሆናለች።

ረሃብ፣ ወረርሽኝና የመዶቆ ዐመፅ

የሣህለ ሥላሴ አስተዳደር በጽኑ የተፈተነው በ1820ዎቹ ዓመታት ነው። ዝናም ቀርቶ እህል ጠፋ፣ ከብት አለቀ፣ ከዚያም የኮሌራ ወረርሽኝ ገብቶ ብዙ ሰው ገደለ። ንጉሡ የመንግሥት ጎተራዎችን አስከፍተው ለተራበው ሕዝብ እህል አከፋፈሉ። ጎተራ መክፈት የሚቻለው አስቀድሞ ጎተራው ከሞላ ነው፤ በየዓመቱ ለጦርነት እህሉ በሚዘረፍበት በሰሜን ይህን ለማድረግ የሚችል መስፍን አልነበረም ማለት ይቻላል። ሣህለ ሥላሴን በሸዋ ሕዝብ ዘንድ ያስወደዳቸው ከድሎቻቸው ይልቅ ይህ ሥራቸው እንደሆነ ብዙ ጸሐፊዎች ይስማማሉ።

በእነዚሁ ዓመታት አካባቢ መዶቆ የተባለ ስመ ጥር የጦር አለቃቸው ዐመፀ። መዶቆ ከንጉሡ ነፍጠኞች የተወሰኑትን አስከትሎ፣ የኦሮሞ ተባባሪዎችም አግኝቶ አንጎለላን አቃጠለ። ዐመፁ ከባድ ነበር፤ ንጉሡ አልጋቸውን ሊያጡ ተቃርበው ነበር ይባላል። ከተሸነፈ በኋላ ሣህለ ሥላሴ ይቅር ብለው ታረቁት፣ ወደ ሥራውም መለሱት። ዕርቁ ግን አልዘለቀም። እንደገና ተጠርጥሮ ተገደለ። በዚህ ነገር ንጉሡን የሚያመሰግኑም የሚነቅፉም አሉ፤ የመጀመሪያው ምሕረት ለዘመኑ ያልተለመደ እንደነበረ ግን አይካድም።

በደቡብና በምዕራብ የተደረጉ ዘመቻዎች

ሣህለ ሥላሴ ከመሳፍንቱ ጦርነት ቢርቁም ጦር የማያውቁ ንጉሥ አልነበሩም። በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ወደ ኦሮሞ አገር ይዘምቱ ነበር። ዘመቻው ያልገበረውን ለማስገበር ቢባልም ከብት መንዳት፣ ቤት ማቃጠልና ሰው መማረክ የተለመደ ነበር። ሃሪስና ባልደረቦቹ ከንጉሡ ጋር ዘምተው ያዩትን የመንደር ቃጠሎና ግድያ በዝርዝር ጽፈዋል። ከተማረኩት ብዙዎቹ ባሪያ ሆኑ፤ በአልዩ አምባ አቅራቢያ ባለችው አብዱል ረሱል በሚቆመው ገበያ የሚሸጡት ባሪያዎችም ለንጉሡ ቀረጥ ያስገቡ ነበር።

ስለዚህ በሸዋ ደጋ ያለ ገበሬ ንጉሡን እንደ ሰላም አባት ሲያያቸው፣ ከድንበሩ ማዶ ያለው የአብቹ፣ የገላን ወይም የሌላ ጎሣ ገበሬ በመከር ጊዜ የሚመጣ ቃጠሎ አድርጎ ያያቸው ነበር። በጦርነት ያልተከፋፈለው የሸዋ ኃይል ወደ ውስጥ ጎተራ ሲሞላ ወደ ውጭ ደግሞ ይዘርፍ ነበር፤ ከጎተራውም የተወሰነው የዝርፊያ ፍሬ ነው።

ይህም ሆኖ ከኦሮሞ ጋር የነበረው ግንኙነት በዘመቻ ብቻ አልተወሰነም። ከኦሮሞ ባላባቶች ጋር በጋብቻ ተዛምደዋል፣ የገበሩትንም በአገራቸው ላይ ሾመዋል። በሙገር ወንዝ አካባቢ ትገዛ የነበረችው ጫሜ ከንጉሡ ጋር በወዳጅነት ከኖሩት አንዷ ናት። በንጉሡ ሠራዊት ውስጥ የኦሮሞ ፈረሰኞች ብዙ ነበሩ። የልጅ ልጃቸው ምኒልክ በኋላ በሰፊው የሠሩበት ሹመትንና ጋብቻን ከዘመቻ ጋር የማጣመር ዘዴ በሣህለ ሥላሴ ጊዜ የተለመደ ነበር።

የሃይማኖት ክርክር

በዘመነ መሳፍንት የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ስለ ክርስቶስ ልደትና ስለ ቅብዓት በሦስት ወገን ተከፍለው ይከራከሩ ነበር። ክርክሩ የሊቃውንት ብቻ አልሆነም፤ መሳፍንቱም ወገን ለይተው የጦራቸው ምክንያት አድርገውታል። በሸዋ በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት የሚመራው የሦስት ልደት ወይም የጸጋ ትምህርት ኃይለኛ ነበር፤ ተቃዋሚዎችም በተለይ በመንዝ በኩል አልጠፉም። ንጉሡ ለብዙ ጊዜ ሁለቱንም ወገን ይዘው ለመቆየት ሞከሩ። በ1834 ዓ.ም. ግን ለሦስት ልደት ወገን አድልተው ተቃዋሚ አለቆችን ከየአድባራቱ ሻሩ።

ይህ ውሳኔ ከሌሎች ሥራዎቻቸው ጋር ሲተያይ ጥበብ የጎደለው ይመስላል። በዚያው ጊዜ ወደ አገር የገቡት አቡነ ሰላማ የሌላው ወገን ደጋፊ ስለነበሩ፣ ሸዋ ከጳጳሱ ጋር ተጋጨች። በጦር ከሰሜን ርቀው የኖሩት ንጉሥ በሃይማኖት በኩል የሰሜኑን ጠብ ወደ ቤታቸው አስገቡት። ክርክሩ የተዘጋው ሣህለ ሥላሴ ካረፉ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በቦሩ ሜዳ ባደረጉት ጉባኤ ነው።

ከአውሮፓውያን ጋር የነበረው ግንኙነት

እንግሊዞች በ1831 ዓ.ም. ኤደንን ከያዙ በኋላ በቀይ ባሕር ማዶ ያለው አገር ያሳስባቸው ጀመር። ፈረንሳዮችም እንዳይቀደሙ ይጥሩ ነበር። ሣህለ ሥላሴ ይህን ፉክክር ዐውቀው ተጠቀሙበት። በሻለቃ ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን በ1833 ዓ.ም. መጨረሻ ሸዋ ገብቶ መድፍ፣ ጠመንጃና ሌላ ብዙ ስጦታ አቀረበ፤ በኅዳር 1834 ዓ.ም. 16 አንቀጽ ያለው የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። በ1835 ዓ.ም. ደግሞ ከሮሼ ዴሪኩር ጋር ከፈረንሳይ ጋር የሚደረግ ውል ተፈረመ። ንጉሡ የፈለጉት መሣሪያና ባለ እጅ ሲሆን እንግሊዞች የፈለጉት ክፍት የንግድ በር ነበር። በሩን ግን ንጉሡ አልከፈቱትም፤ ነጋዴና መንገደኛ ያለ ፈቃዳቸው ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ የሚከለክለው ደንብ ጸንቶ ቆየ። ውሎቹም በተግባር ብዙ ፍሬ አላፈሩም።

የሃሪስ መምጣት ካስከተላቸው ነገሮች አንዱ ግን ለሰዎች ሕይወት ትልቅ ለውጥ ነበር። በ1835 ዓ.ም. ገደማ፣ ንጉሡ ታመው ከተነሡ በኋላ፣ በሃሪስ አማላጅነት በጎንጮ ታስረው የነበሩትን የንጉሣውያን ቤተሰብ አባላት ፈቱ። ከእነርሱ ውስጥ 30 ዓመት ያህል በእስር የቆዩ ይገኙባቸዋል። በብረት ታስረው የሸመገሉት ሰዎች ወደ ንጉሡ ፊት ቀርበው ነፃነታቸው ሲነገራቸው ለሥልጣን የሚያሰጉ አልነበሩም። ያም ሆኖ መፈታታቸው ንጉሡ ለልጆቻቸው ዘመን የተለየ ነገር ተመኝተው እንደነበር ሊያመለክት ይችላል። እንዲሁም የጉራጌ ክርስቲያኖች በባርነት እንዳይሸጡ ዐዋጅ አስነግረዋል፤ የባሪያ ንግዱ በጠቅላላው ግን አልቆመም።

የመጨረሻ ዓመታትና ከዚያ በኋላ

ንጉሡ ከአንድ ዐይናቸው ዕውርነት በቀር በወጣትነታቸው ጠንካራ ነበሩ፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን ሕመም ያጠቃቸው ነበር። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ በዛብሽ ኃይለ መለኮትንና ሰይፉን ወልደዋል፤ ከሌሎች እናቶች ከተወለዱት ልጆቻቸው ደግሞ በኋላ ራስ የተባሉት ዳርጌ የታወቁ ናቸው። ሴት ልጃቸው ወይዘሮ ተናኘወርቅ የራስ መኰንን እናት ናቸው። የኃይለ መለኮት ልጅ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ሲወለድ ምኒልክ የሚለውን ስም ያወጡለት አያቱ እንደሆኑ ይነገራል።

ሣህለ ሥላሴ ከመሞታቸው በፊት መኳንንቱን ለኃይለ መለኮት አስማሉ። በጥቅምት 1840 ዓ.ም. ሲያርፉ ኃይለ መለኮት ያለ ወንድም ለወንድም ጦርነት ተተኩ፤ በሥርወ መንግሥቱ ውስጥም ሆነ በዘመኑ ኢትዮጵያ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሆኖም የድንበር አገሮች ወዲያው ማመፅ ጀመሩ፤ አብቹዎች በአዲሱ ንጉሥ ላይ ተነሡ። በኃይል የተያዘው በኃይል ካልተጠበቀ አልጸናም።

በ1848 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ ሸዋ ዘመቱ። ኃይለ መለኮት በሕመም ሞቱ፣ የሸዋ ጦር በበረኸት ተሸነፈ፣ ሕፃኑ ምኒልክም ተማርኮ ወደ መቅደላ ተወሰደ። ሸዋ ከሰሜኑ ጦርነት ርቃ የኖረችበት ዘመን በዚህ አበቃ። ቴዎድሮስ የንጉሡን ልጅ ኃይለ ሚካኤልን በመርዕድ አዝማችነት ሾመው ተመለሱ፤ የሸዋ ገዥ ንጉሥ መባሉም ቀርቶ ወደ ቀድሞው ማዕርግ ወረደ። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሲመለሱ የሸዋ ሰው በአያታቸው ስም ተቀበላቸው።